ስምና ባለ ስም

በልጅነቴ በተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት አንድ ሸምገል ያሉ ጀርመናዊ መምህር ነበሩ። እኚህ መምህር በመጀመሪያው ቀን የተማሪዎችን ስም ከመዝገብ ሲጠሩ እኔን የጠሩኝ በአባቴ ስም ነበር። እኔም አባቴ ከአገር ቤት ድንገት የመጡ መስሎኝ ፊቴን ወደ በሩ ባዞር ክፍሉ ሁሉ ሳቀብኝ። ቆይቶም እኚሁ መምህር ለእናቴ ደብዳቤ ሲጽፉ «ወይዘሮ» ብለው የአባቴን ስም አስከተሉበት። ደብዳቤው ሲነበብላቸው እናቴ ተቈጡና፣ «እኔን የወለደኝ ሰው ስም የለውም ወይ?» አሉ። መምህሩ ክፉ አሳብ አልነበራቸውም። በአገራቸው ልማድ የመጨረሻው ስም የቤተ ሰቡ ሁሉ ስም ስለ ሆነ፣ ሚስትም ልጅም የልጅ ልጅም በዚያው ባንዱ ስም ሲጠሩበት ይኖራሉና ነው።

ይህን የልጅነት ነገር ያስታወሰኝ በሚስዮን ቤት በለቀምኋት ጥቂት ጀርመንኛና በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ ያነበብሁት አንድ መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ ዶክተር አስፋ ወሰን አሥራተ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 በጀርመን አገር ያሳተሙት የሕይወት ታሪካቸው ነው። አርእስቱ ወደ ቋንቋችን ሲመለስ «ከዳዊት ቤት የሆነ ልዑል፤ በጀርመንም ስለ ምን እንደ ቀረ» እንደ ማለት ነው። ስለዚህ መጽሐፍና ስለ ጸሐፊው ጥቂት ትችት ለመጻፍ የተነሣሁት፣ ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ ሳይሆን ስም ወርሶ የሚኖር ሰው ሁሉ ነገር፣ ይልቁንም ስም ሰምተን በሰው ላይ የምንፈርድ የእኛ የሁላችን ነገር ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ እኚህን ሰው የማታውቃቸው እንደ ሆነ በአጭሩ ላስታውቅህ። የተወለዱት በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 አዲስ አበባ ነው። አባታቸው ልዑል ራስ አሥራተ ካሣ በኤርትራ እንደራሴ የነበሩ፣ በመጨረሻም የዘውድ ምክር ቤት ፕሬዚዳንት የነበሩ ናቸው፤ አያታቸውም ልዑል ራስ ካሣ ኃይሉ ናቸው። ልጁ በአዲስ አበባ በጀርመን ትምህርት ቤት ተምረው ለከፍተኛ ትምህርት ወደ ጀርመን ከሄዱ በኋላ በአገር ቤት አብዮት ፈነዳ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት ያለ ፍርድ ከተረሸኑት ስልሳ ያህል ሰዎች አንዱ አባታቸው ነበሩ። እናታቸው፣ ወንድሞቻቸውና እኅቶቻቸው ታሰሩ። ለትምህርት የወጣ ተማሪ በአንድ ሌሊት ስደተኛ ሆነ።

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ትላለች አገራችን። አስፋ ወሰን ማለት ድንበርን አስፋ ማለት ነው። በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሸዋን የገዙት መርዕድ አዝማች በዚህ ስም ተጠርተዋል፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ አልጋ ወራሽም በዚሁ ተጠርተዋል፤ የራስ ካሣ ልጅ አስፋ ወሰን ካሣ ደግሞ ይህንኑ ስም እንደ ያዙ በታኅሣሥ 1929 ዓ.ም. ከወንድማቸው ከአበራ ጋር በፍቼ በኢጣሊያኖች እጅ ተገደሉ። ያንኑ ስም የተሸከሙት የወንድማቸው ልጅ ደግሞ ድንበር ማስፋት ቀርቶ፣ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ የአገራቸውን ድንበር ለመርገጥ አልቻሉም። መልአኩ ስሙን ሲያወጣ ይህን ሁሉ አይቶ እንደ ሆነ እንጃ።

አሁን ወደ ትችቱ ልግባ። በመጀመሪያ የምነቅፈው የመጽሐፉን አርእስት ነው። ከሁለቱ ሐረጎች ፊተኛው «ልዑል» ብሎ ይጣራል፣ ገበያተኛውም በዚያ ይሳባል፤ ቤተ መንግሥት፣ ዘውድ፣ አንበሳ አገኛለሁ ብሎ ይገዛል። የመጽሐፉ እውነተኛ ነገር ግን ኋለኛው ሐረግ ነው፤ ይኸውም አንድ ሰው በባዕድ አገር ስለ ምን ቀረ የሚለው ነው። ልዑልነት የተወለዱበት ነው፤ መቅረት ግን የኖሩበት ነው። እኔ አታሚ ብሆን ኖሮ ኋለኛውን አስቀድሜ ፊተኛውን በትንንሽ ፊደል ባደረግሁት ነበር። እርግጥ አታሚ ብሆን ኖሮ ያንጊዜውኑ ከስሬም ነበር።

በዚህ ጽሑፍ ጸሐፊውን «ዶክተር» ማለቴ ንቀት እንዳይመስልብኝ እለምናለሁ። ልዑልነቱን ከአባታቸው ወርሰውታል፤ ዶክተርነቱን ግን በፍራንክፈርት ዩኒቨርሲቲ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1978፣ አባታቸው ከተገደሉ በአራተኛው ዓመት፣ ወገኖቻቸው ገና በእስር ሳሉ፣ የሸዋን ታሪክ መርምረው በመጻፍ አግኝተውታል። ያም ታሪክ ከ1700 እስከ 1865 የሚደርስ በመሆኑ፣ የስማቸው ቀዳሚ ባለቤት መርዕድ አዝማች አስፋ ወሰን በውስጡ አሉ። አባቱን ያጣ ሰው የወላጆቹን አገር በወረቀት ላይ ሲፈልግ ይታየኛል። እኔ ከመጽሐፎቻቸው ሁሉ የማከብረው ይህን ጥቂት ሰው ያነበበውን ሥራቸውን ነው።

በሰፊው ያስታወቃቸው ግን በ2003 በአውሮፓ አቆጣጠር የወጣው፣ ስለ ሥነ ሥርዓትና ስለ ጨዋነት የሚናገረው መጽሐፋቸው ነው። አስበው እስቲ፤ በአገሩ ማዕረግ የተሻረበት፣ ቤቱ የተወረሰበት ሰው ለአውሮፓውያን ጨዋነታቸውን መልሶ ሲያስረዳቸው! ጀርመኖች ወደዱት፣ ሸለሙትም። እዚህ ላይ አንድ ነገር አስተዋልሁ። ከወረሱት ነገር መሬቱም ቤቱም ማዕረጉም ሊወሰድ ይችላል፤ ሰው ሲገባ መነሣት፣ ሰው ሲናገር ማዳመጥ ግን በአዋጅ አይወረስም። ነቀፌታዬ መጽሐፉ በጀርመንኛ ለጀርመኖች መጻፉ ነው። በአዲስ አበባ ቤት የተማሩትን ጨዋነት የፍራንክፈርት መጽሐፍ ገዥ ሲያነበው፣ የካዛንቺስ ልጅ ወሬውን እንኳ ሳይሰማ ቀረ። በስደት ያለ ሰው ግን እንጀራ በሚበላበት ቋንቋ ይጽፋልና ይህን ነቀፌታ በግማሽ ልሳበው።

ሦስተኛው በ2014 ያወጡት የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ታሪክ ነው። ዘመድ የዘመዱን ታሪክ ሲጽፍ ብዕሩ ወይ ወደ ማሞገስ ወይ ወደ መማጠን ያዘነብላል። ዶክተር አስፋ ወሰን የንጉሠ ነገሥቱን ታላቅነት እየመሰከሩ፣ በጊዜው ሊደረግ ሲገባው ያልተደረገውን መሻሻል ሳይሸሽጉ ጽፈዋል። ይህን ማድረግ ለእኔና ለአንተ ቀላል ነው፤ እኛ ስለ ንጉሡ ብንናገር ስለ ንጉሡ ብቻ ነው የምንናገረው። እሳቸው ግን አንዱን ስሕተት በጻፉ ቍጥር ስማቸው ላይ ይጽፋሉ።

ከዚህ በኋላ ስለ ስም ራሱ ልናገር። በእኛ ልማድ ሰው የራሱ ስም አለው፤ ከዚያ የአባቱ ይከተላል፤ ሲጠየቅም አያቱን ይጨምራል። ጋብቻ ሲመጣ እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ነገር ግን እነዚህ ሁሉ የሚቈጠሩ ናቸው እንጂ የሚለበሱ አይደሉም። በየትውልዱ አንዱ ስም ከኋላ እየወደቀ አንዱ ከፊት ይጨመራል። የልጅ ልጅህ ልጅ በስምህ አይጠራም። ይህ ልማድ ታላቅ ምሕረት እንዳለበት የገባኝ ካረጀሁ በኋላ ነው፤ የአያቱ ክብርም የአያቱ ነውርም በልጁ ግንባር ላይ ለዘላለም ተጽፎ አይኖርምና።

ደግሞ የሚያስገርም ነገር አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው፣ ፈረንሳዊው ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ያረቀቀው የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ «የቤተ ዘመድ ስም» እንዲኖረው ያዛል። ሕጉ ታተመ፤ ፍርድ ቤትም ሠራበት፤ ይህ አንቀጽ ግን በሕዝቡ ዘንድ አልበቀለም። ንጉሠ ነገሥቱ ይህን ሕግ ባወጁ በአሥራ አራት ዓመት ከዙፋናቸው ወረዱ፤ የቤተ ዘመድ ስም ለመያዝ ከተገደዱትም መካከል የተሰደዱት የገዛ ልጆቻቸው ልጆች ሆኑ። የውጭ አገር ጸሐፊ በቅጹ ላይ ባዶ መስመር እያሳየ «የቤተ ሰብ ስም?» ሲል፣ አንዱ «ኃይለ ሥላሴ»፣ አንዱ «መኰንን»፣ አንዱ «አሥራተ» ብሎ ሞላ። በአገራችን ለአንድ ትውልድ የሚያገለግለው ስም በዚያች መስመር ላይ ደርቆ ቀረ።

ስም ደርቆ የሚቀርበት ነገር በሌላውም ዓለም አለ። በጀርመን አገር ዘውዱ ከወደቀ በኋላ የ1919 ሕገ መንግሥት የመኳንንትን መብት ሲሽር ማዕረጋቸውን ግን የስማቸው ክፍል ብቻ አድርጎ ተወላቸው፤ ስለዚህ በዚያ አገር «ልዑል» የሚለው ቃል ለብዙ ሰው እንደ አባት ስም ያለ ስም ነው። ኦስትሪያ ግን በዚያው ዓመት ማዕረጉን ከስም ላይ ጨርሳ ቈረጠችው። የቱርክ ሱልጣን ዘሮች በ1924 ሲባረሩ፣ ሴቶቹ እንዲመለሱ በ1952፣ ወንዶቹ በ1974 ተፈቀደላቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር 1974 እንግዲህ እነዚያ የገቡበት፣ የእኛዎቹ የወጡበት ዓመት ነው።

የእኛን የጥንት ታሪክ ብናይ፣ በግሸን አምባ፣ ኋላም በወህኒ አምባ የነገሥታቱ ልጆች በተራራ ላይ ይጠበቁ ነበር። ጥፋት አልነበራቸውም፤ ስም ብቻ ነበራቸው። በእኛም ዘመን ይኸው ተደገመ። ልዕልት ተናኘ ወርቅና የልዑል ራስ ደስታ ሴት ልጆች ከ1967 ዓ.ም. እስከ 1980 ዓ.ም. በከርቸሌ ታሰሩ፤ የአልጋ ወራሹ ልጅ ልዕልት እጅጋየሁ በ1969 ዓ.ም. በእስር ላይ ሳሉ ሞቱ። አልጋ ወራሹም ራሳቸው በስደት በ1981 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ሲባሉ «አምኃ ሥላሴ» የሚል ስም ያዙ፤ በ1989 ዓ.ም. በአሜሪካ ሲሞቱ አስከሬናቸው መጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ። ወደ አገር ለመግባት ሞትን መጠበቅ ግድ ሆነባቸው።

ስም ከባለቤቱ ተለይቶ እንዴት እንደሚኖር ለማየት ግን ሩቅ መሄድ አያሻም። እኔ የኖርሁበት ክፍለ ከተማ የሦስት ዓመት ሕፃን በነበረው ሰማዕት በቅዱስ ቂርቆስ ስም ይጠራል፤ ከነዋሪው ስንቱ ይህን ያስባል? ካዛንቺስ የሚለው ስም ደግሞ በወረራው ዘመን ኢጣሊያኖች ለመንግሥት ሠራተኞቻቸው ቤት ይሠራ ከነበረው ድርጅታቸው ምሕጻረ ቃል የመጣ ነው፤ «ካዛ» ቤት፣ «ኢንቺስ» ምሕጻሩ። ሠራተኞቹ በ1933 ዓ.ም. ሄዱ፤ ስሙ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ከሰፈሩ ብዙው ፈርሶ ነዋሪው ወደ ከተማው ዳርቻ ተዛወረ፤ የታክሲ ረዳት ግን ዛሬም «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጮኻል። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በፎልክስ ዋገን ተጭነው የወጡበት የኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትም ከዚህ ሰፈር በእግር የሚደረስ ነው።

ሰፈሩ ከመፍረሱ ጥቂት ዓመታት በፊት በካዛንቺስ በአንድ ቡና ቤት ከአንድ የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ጋር ተቀምጬ ነበር። የዚህ ጓደኛዬ አያት ከቤተ መንግሥት ጋር በጋብቻ የተሳሰሩ ደጃዝማች ነበሩ። ታላቅ ወንድሙ በሱዳን አድርጎ አሜሪካ ገባ፤ እሱ ግን እዚሁ ቂርቆስ ቀርቶ ሬድዮና ቴሌቪዥን ሲጠግን ኖረ። ታናሽየው እዚህ በራሱና በአባቱ ስም ብቻ ሲጠራ፣ በዚያ የተወለዱት የታላቁ ልጆች የደጃዝማቹን ስም የቤተ ሰብ ስም አድርገው ያዙ። በዚያ ቀን ከወንድሙ ልጆች አንዱ፣ ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ አገር ሊያይ መጥቶ አብሮን ነበር።

ባለ ቡና ቤቷ ሽማግሌ ሴት ነበሩና የልጁን ስም ጠየቁት። እሱም ፈረንጆች እንደሚሉት የራሱንና የቤተ ሰቡን ስም ተናገረ። እሳቸውም ስኒያቸውን አስቀምጠው ተነሡና፣ «የእሳቸው ልጅ! እኔ አፈር ልብላ!» ብለው እጅ ነሡት፤ ገንዘብም አንቀበልም አሉ። በቀጣዩ ጠረጴዛ ተቀምጦ የነበረ ጎልማሳ ደግሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «የጭሰኛ ላብ የጠጣ ቤት ዛሬም በነጻ ይጠጣል» አለ። ልጁ አማርኛው እምብዛም ስለ ሆነ አንዴ ወደ ሴትዮዋ፣ አንዴ ወደ ሰውዬው ይመለከታል። አጎቱን ምን አሉ ብሎ ቢጠይቀው፣ አጎቱ «ቡናህን ጠጣ» አለው። ሲወጣም የቡናውን ዋጋ ከስኒው ሥር አስቀመጠ።

አንባቢ ሆይ፣ ከሁለቱ የትኛው በደለ ብትለኝ፣ ሁለቱም እላለሁ። ሴትዮዋ ክፋት የላቸውም፤ ነገር ግን የሰገዱት በሕይወታቸው አይተውት ለማያውቁት ልጅ ሳይሆን ለሞተ ሰው ነው። ሰውዬውም እውነት የለውም አልልም፤ ጭሰኛው መበደሉ እርግጥ ነው፤ ነገር ግን ዕዳውን የጠየቀው አሜሪካ ተወልዶ በሬ ሲጠመድ አይቶ የማያውቀውን ልጅ ነው። ደግሞም ይህን ፍርድ የምንፈርደው በመኳንንት ዘሮች ላይ ብቻ መስሎህ እንዳትታለል። ስንት ዓመት የክፍል መዝገብ ስጠራ፣ የአንድ አዲስ ተማሪ የአባት ስም ሲሰማ በክፍሉ ውስጥ ዓይን ከዓይን ሲጠቃቀስ አይቻለሁ፤ «የት አገር ሰው ነው? የማን ወገን ነው?» ይባባላሉ። የቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ይጻፍ በነበረበት ጊዜ ደግሞ ስሙን ሰምቶ ያልለየ ወረቀቱን አይቶ ይለይ ነበር። የደጃዝማቹን ስም ሰምቶ የሚሰግደውና የአንተን የአባት ስም ሰምቶ ወንበሩን ከአንተ የሚያርቀው፣ ሁለቱም ሰውን ሳያዩ የሚፈርዱ ናቸው።

ስም የወረሰውም ቢሆን ፈተና አለበት። ማዕረጉ በአገራችን በመጋቢት 1967 ዓ.ም. በአዋጅ ተሽሯል፤ ሰው በፍቅር «ልዑል» ብሎ ቢጠራህ ማመስገን ነው፤ በመጥሪያ ወረቀት ላይ አልተጻፈልኝም ብለህ ብትቈጣ ግን ከአያትህ የወረስኸው ስሙን ብቻ መሆኑን ራስህ መሰከርህ። የጓደኛዬ የወንድም ልጅ ከዚያ ቀን በኋላ ለሴትዮዋ ቡና ቤት ሳሙና ገዝቶ እንደ ላከ ሰምቻለሁ፤ ለምን ሳሙና እንደ ሆነ አጎቱም አልገባውም።

እኔም ከፈራጆቹ ወገን ነኝና ይህን ሳልናገር ብቀር ትችቴ ግማሽ ይሆናል። በ1967 ዓ.ም. አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። ከዚያች የኅዳር ሌሊት በኋላ ይህ ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት ቀርቶ ወደ ክፍል ተመለሰ። ቀድሞ መዝገቡ ሲጠራ ከነአያቱ በሦስት ስም ነበር የሚጠራው፤ በዚያ ቀን መምህራችን፣ ያ ጀርመናዊ ሳይሆን ሌላ አበሻ ነበሩ፣ ሁለቱን ብቻ ጠርተው ሦስተኛውን ዘለሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። እኔም በዘመኑ ቃል ሰክሬ ነበርና፣ የዘለሉትን ስም ከነማዕረጉ ከኋላ ወንበር ሆኜ ጮኽሁ። ብዙዎች ሳቁ። ልጁ «አቤት» አላለም፤ ደብተሩን ገልጦ ባዶ ገጽ ሲያይ ዋለ። አባቱ በዚያ ሳምንት የት እንደ ነበሩ ያወቅሁት ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ሃምሳ ዓመት ያህል አልፏል፤ ብዙ ጊዜ አብረን ቡና ጠጣን፣ በልቅሶም በሠርግም ተገናኘን፤ ይህን ነገር እሱም አላነሣ እኔም አላነሣሁ።

ባለፈው ጊዜ ቤቱ ሊፈርስ ሆኖ ዕቃውን ሲያወጣ ልረዳው ሄድሁ። ከመለያየታችን በፊት አዲሱን የስልክ ቍጥሩን ሰጠኝ። መነጽሬን አድርጌ ደብተሬ ላይ ስሙን ስጽፍ፣ እንደ እሱ ያለ ስም ከአባት ስም ጋር የተገጠመለት ሌላ ሰው ስለማውቅ እንዳይደባለቅብኝ ብዬ፣ «ሦስተኛውንም ልጻፈው ወይ?» አልሁት።

ካርቶኑን ማሰሩን ተወና ቀና ብሎ አየኝ። «ያን ጊዜ ስትጮኽበት ማን ፈቀደልህ?» አለኝና ሳቀ። ቀጥሎም፣ «ጻፈው፤ በካሣው ሣ እንጂ በእሳቱ ሳ እንዳትጽፈው» አለኝ።

ጻፍሁት።